ሽፋን የሌለው ልቦለድ

እኔ ሐምዲያ ነገር ማድበስበስ አልችልበትም፤ ያመጣብኝ ጣጣም ብዙ ነው። ስለዚህ እቅጩን ልናገር። ያን ሽፋን የሌለው ልቦለድ እንደዚያ አድርገን ያነበብነው በዓለምነህ ምክንያት ነው። እሱ አፉን ቢዘጋልን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት እንነቃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ውዴ ምግብ ቤት አላት። ጁምዓ ከሰዓት፣ ከየሥራችን ስንወጣ፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰብና ስለ መጽሐፍ እናወራለን። በምንወደው ደራሲ እንሟገታለን፤ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን፣ ያልተዘመረለትን ልቦለድ እየፈለግን ደግሞ አብረን እናነባለን። ሰብሳቢያችን ዓለምነህ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ገብቶ ወጥቷል፤ ያቺን አንድ ዓመት ግን አውርቶ አልጨረሳትም። ሰው አንድ መጽሐፍ ወደድኩ ካለ “እሱማ በጣም ተዘምሮለታል” ይልና ፊቱን ያዞራል። ውዴ በበኩሏ ገና ከጅምሩ ሰው ያልሞተበትን መጽሐፍ አትነካም። “ድስት ጥጄ ነው የማነበው፤ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም” ትላለች።

ባሌ ዳውድም ይመጣል። ባሌ ማለቱ ከአፌ አልጠፋ ብሎ ነው እንጂ በዚያ ሰሞን ልንፋታ ነበር። እኔ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ከተኳረፍን ወዲህ እዚያው ነበር የማድረው። እሱ ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ይነዳል፤ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በተከራየናት ቤት ብቻውን ቀርቷል። በምን ተጣላችሁ ብትሉኝ የቱን ልንገራችሁ? በእናቱ፣ በእህቴ፣ በቴሌቪዥን፣ በጨው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጣላንበት ነገር ቢኖር የአየሩ ጠባይ ነበር፤ እሱንም አንድ ቀን “ዛሬስ ሞቀ” ስለው “እኔን አልሞቀኝም” ብሎኝ ሳምንት ተኮራረፍን።

በመጨረሻ ሸኽ ተውፊቅ ዘንድ ሄድን። ሸኹ ሁለታችንንም አዩን አዩንና “በሉ ሦስት ወር ተራርቃችሁ ቆዩ። ሲሞላ ሐሳባችሁ ካልተለወጠ ያን ሰኞ ትመጣላችሁ፤ ኸላስ፣ በቃ፣ አፋታችኋለሁ” ብለው ቀኑን ቆረጡልን። አፌ እሺ አለ፤ ሆዴ ግን አላለም። ዳውድን እወደው ነበር። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሱማ ጭራሽ።

መጽሐፉን ያመጣው እሱ ነው። ተሳፋሪ ረክሻው ውስጥ ረስቶት የወረደ ነው። ሽፋን የለው፣ ርዕስ የለው፣ የደራሲ ስም የለው። የገጾቹን ጥግ አይጥ ከነገጽ ቁጥሩ በልቶታል፤ ምዕራፎቹም በኮከብ ምልክት እንጂ በቁጥር አልተለዩም። ዓለምነህ ሲያየው ዓይኑ በራ።

“ከዚህ የበለጠ ያልተዘመረለት ከየት ይመጣል? ስሙ እንኳ አይታወቅም!” አለ።

አንድ መጽሐፍ ለሁላችን አይበቃምና በየምዕራፉ ገንጥለን፣ ሳምንት በሳምንት አንድ አንድ ምዕራፍ ልንቀባበል ተስማማን። ሥራውን የውዴ የእህት ልጅ ፋሪሃ ወሰደችው። ፋሪሃ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር የተጋባ ነው፤ ፊደል የቆጠረችውም አምና ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ በስቴፕለር መትታ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከአንድ እስከ አስራ ሁለት ቁጥር ጽፋ አመጣችልን።

“ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ተማም ነው፣ ኸላስ” አለችኝ። እኛም እንዳለችው ተማም፣ ሁሉ ልክ መስሎን ጀመርን።

አንደኛው ላይ ይርጋ የሚባል ራሰ በራ ሽማግሌ በኪራይ ቤት ብቻውን ይሞታል። ቀብሩ ላይ የተገኘው አከራዩ ብቻ ነው፤ እሱም የመጣው ቁልፉን ሊቀበል ነው። መጨረሻው ላይ “ተፈጸመ” ይላል።

“ምኑ ነው የተፈጸመው? ገና አንደኛው ላይ ሆነን?” አልኩ።

ዓለምነህ መነጽሩን ገፋ አደረገ። “ደራሲው ሊለን የፈለገው፣ ሰው ብቻውን ሲሞት ሁሉ ነገር ያኔ ተፈጽሟል ነው። ጥልቅ ነው።”

ውዴ ራሷን ነቀነቀች። ከጅምሩ ሰው ስለሞተላት ደስ ብሏታል።

ሁለተኛው ላይ ይርጋ ተነስቶ ገበያ ሄደ።

“ሞቶ የለም እንዴ?” አለች ውዴ።

“ጂኒ ነው” አለ ዳውድ።

“ዘመናዊ አጻጻፍ ነው” አለ ዓለምነህ። ሁላችንም እንደገባው ሰው አንገታችንን ነቀነቅን፤ አልገባውም መባልን የሚወድ ማን አለ? አራተኛው ላይ ሰውዬው ፀጉር አበቀለ። አምስተኛው ላይ ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ፍርድ ቤት ቆመው ተፋቱ። ስድስተኛው ላይ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው እንደ ውሻና ድመት ይናከሳሉ። ሰባተኛው ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይተኛሉ፣ ስምንተኛው ላይ ፊት ለፊት። ጎረምሳ የነበረው ልጃቸው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ዘጠነኛው ላይ እናቱ ጡት ሥር ተወሸቀ፣ አሥረኛው ላይ ጭራሽ ጠፋ።

“ልጁስ? ልጁን ምን በላው?” ብላ ጮኸች ውዴ።

“የደራሲው ዝምታ ነው” አላት ዓለምነህ።

“ልጅ ጠፍቶ ዝም የሚል ደራሲ እሱም ይጥፋ!” አለችና ወጥዋን ልታማስል ወጣች።

እኔ ግን ወላሂ እንደዚያ የወደድኩት መጽሐፍ የለም። ሌላው ልቦለድ ሁሉ ሰዎቹን አፋቅሮ፣ አፋቅሮ ኋላ ይበትናቸዋል። ይኼኛው የተበተኑትን በየሳምንቱ እየለቀመ ይሰበስባቸዋል። አሥረኛው ላይ የቀራቸው አንድ የጃንጥላ ጠብ ብቻ ነበር። ይርጋ ጃንጥላዋን ለጎረቤት አውሶባት አስካለ ዝናብ ደብድቧት ትገባለች፤ እሱ ሲያያት ይስቃል፤ እሷ ታኮርፋለች። አስራ አንደኛው ላይ ይኼውላችሁ ሰርግ! አሠሪዬ መዳም ተኝታ ሳለ ወጥ ቤት ቆሜ እያነበብኩ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የምትወጂው ደራሲ ማን ነው ሲሉኝ “ስሙን የማላውቀው” እል ነበር።

በተራችን መሠረት ከኔ ቀጥሎ የሚያነበው ዳውድ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ካፉሪ ድረስ መጥቶ ከቪላው በር ላይ ይቀበለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እጁን ይዘረጋል፣ እሰጠዋለሁ፣ ረክሻውን አስነስቶ ይሄዳል፤ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። ሦስተኛውን ስሰጠው “እንዴት ነው?” አለኝ። “አንብበህ እየው” አልኩት። ስድስተኛውን አንብቦ በመጣ ጊዜ “ጥፋቱ የሱ ነው” አለኝ። የኔ ባል! ጥፋቱ የወንዱ ነው ሲል! “የሷም አለበት” አልኩት፤ ከአፌ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። አሥረኛውን ልሰጠው ስወጣ ሸሚዙ ተተኩሷል። አስራ አንደኛውን የምሰጠው ቀን የተቃውሞ ሰልፍ ነበረና መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ እሱ ግን በየት በየት ዞሮ ላቡን እየጠረገ መጣ። አንጀቴን በላው።

አስራ ሁለተኛውን ግን ለየብቻ ላናነብ ተስማማን፤ ጁምዓ ዕለት ፋሪሃ ጮክ ብላ ልታነብልን ነው። ሸኹ የቀጠሩን ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው። ሞኝ አትበሉኝና በልቤ ቃል ገብቼ ነበር። ይርጋና አስካለ መጨረሻቸው ካማረ፣ ኩራቴን ውጬ ለዳውድ “ሰኞ አንሂድ” እለዋለሁ። ካላማረ አፌን ይዤ እፈታለሁ። ከራሴ ጋር መወሰን አቅቶኝ ነው ለደራሲው የተውኩለት።

ጁምዓ ደረሰ። የቡድናችን አባል ዘማርያምም የዚያን ዕለት ከች አለ። ለሰሊጥ አጨዳ ገዳሪፍ ከርሞ መመለሱ ነው፤ ያልረገጠው አገር፣ ያላነበበው መጽሐፍ የለም የሚል ጉረኛ። ፋሪሃ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

“ከምንጩ ዳር ካለው ዋርካ ሥር፣ አስካለ እንስራዋን አውርዳ…”

“…ወገቧን ስታቃና አንድ የማታውቀው ጎረምሳ ‘ውሃ አጠጪኝ’ አላት” ብሎ ዘማርያም ቀጠለ።

ፋሪሃ ወረቀቱን አየች፣ ዘማርያምን አየች። ቃል በቃል ነው።

“ታውቀዋለህ?” አለ ዓለምነህ። ፊቱ ጠቆረ፤ ያልተዘመረለት መጽሐፉን ሌላ ሰው ሲዘምረው።

“በቃሌ! ይኼን ምዕራፍ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።”

“የቀረውንስ?” አልኩት።

“የቀረውን አንድም ጊዜ። እንቅልፍ የሚያመጣ መጽሐፍ ነው፤ ከአንደኛው ምዕራፍ አልፌ አላውቅም።”

“ከአስራ ሁለተኛው ማለትህ ነው።”

“ሐምዲያ፣ አንደኛው ነው የምልሽ። መጽሐፉ የሚጀምረው ምንጩ ጋ ነው። ሲያልቅ ሰውዬው ብቻውን ይሞታል ብለውኛል።”

ከዚያ ውዴ ቀስ ብላ “ፋሪሃ፣ ቁጥሩን ከየት በኩል ነው የጀመርሽው?” አለቻት።

“ከመጀመሪያው” አለች ልጅቷ። ባዶ እጆቿን እንደ መጽሐፍ ዘርግታ አሳየችን፤ የገለጠችው እንደ ዓረብኛው በቀኝ በኩል ነው። “ኪታብ የሚጀምረው በዚህ አይደል?”

“ጉድ ፈላ!” አለች ውዴ ጭኗን መትታ። “ከኋላ ወደ ፊት ነዋ ያነበብነው! ልጁም አልጠፋም፤ ገና አልተወለደም!”

“‘ተፈጸመ’ ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ የት አይታችኋል?” አለ ዘማርያም እየሳቀ። “ማንም አልጠረጠረም?”

ሁላችንም ወደ ዓለምነህ ዞርን። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። “ያም ሆኖ፣ ደራሲው…” ሲል ውዴ “ዝም በል!” ብላ ማማሰያውን አነሳችበት። ኩም አለ።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ ይኼ ሁሉ ሳምንት ሲታረቁ ያየኋቸው ሰዎች እየፈረሱ ነው! ሰርግ ያልኩት መጨረሻ ሳይሆን መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኩርፊያ፣ ፍርድ ቤት፣ ቁልፉን ሊቀበል የመጣ አከራይ። እንባዬ መጣ። እኔም ሰኞ እፈታለሁ ማለት ነው ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ተነሳሁ።

“ቆይ፣ ቆይ” አለ ዳውድ። “እንግዲያው የጃንጥላው ጠብ የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ነዋ?”

“ይመስለኛል” አልኩት።

“ከሱ በፊት ምንም አልነበረም?”

“ሰርጋቸው ብቻ።”

“እና ያ ሁሉ ስድብ፣ ፍቺው፣ ብቻውን መሞቱ፣ በአንድ ጃንጥላ ነው?” አለና ወደኔ ዞረ። ሰው ሁሉ እየሰማ “ሐምዲያ፣ የኛ ጃንጥላ ምን ነበር?” አለኝ።

ማሰብ አላስፈለገኝም፤ እኔ ቂም ስይዝ ከነቀኑ ነው። “ረክሻህ ላይ ያጻፍከው!” አልኩት። “ካርቱም ውስጥ ረክሻ የገዛ ሁሉ ከኋላው የሚወዳትን ያጽፋል። አንተ ግን እኔ ገና ሙሽራ ሆኜ፣ አዲሱ ረክሻህ ላይ ‘ኡሚ’ ብለህ አጻፍክ። ‘እናቴ’ ማለት! እኔስ? ከዚያን ቀን ወዲህ እናትህን ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል!”

ዳውድ አቀረቀረ። “መጀመሪያ ያጻፍኩት ያንቺን ስም ነበር።”

“ውሸታም!”

“ወላሂል ዓዚም! ‘ሐምዲያ ሕይወቴ’ ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። ቀለም ቀቢው በዓረብኛ ሲጽፈው የስምሽን መጨረሻ ፊደል ዘለላት። ‘ሐምዲ ሕይወቴ’ ሆነ።”

ቀድማ የገባት ፋሪሃ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ በሳቅ ተንፈራፈረች። ሐምዲ የወንድ ስም ነዋ!

“እኔ ዓረብኛ ማንበብ አልችል” አለ ዳውድ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። “ቀኑን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ሹፌሮቹ ‘ሐምዲ እንዴት ነው?’ ይሉኛል፤ ስምሽን ያቆላመጡ መስሎኝ ‘አልሐምዱሊላህ፣ ቤት ናት፣ እያበሰለች ነው’ እላለሁ። ሲገባኝ በሀፍረት አስፋቅሁትና ‘ኡሚ’ አስባልኩት።”

“ለምን ‘ኡሚ’?”

“አጭር ነዋ! አይሳሳትም ብዬ!”

“ለኔ ለምን አልነገርከኝም?”

“ምን ብዬ? የሰፈሩ ረክሻ ሁሉ የሐምዲ ባል እያለኝ?”

“ሁለት ዓመት!” ብዬ ጮህኩ። ምዕራፉን ከፋሪሃ ፊት አንስቼ በሱ አናቱን አልኩት። “ሁለት ዓመት እናትህን ጠልቼ! አንተ ደንቆሮ! አንተ የማትረባ!” ስስቅ ነው፣ ሳለቅስ ነው፣ እኔም አላውቀው። “አልፈታህም! እወድሃለሁ፣ ሰማህ?”

“ሰማሁ፣ ሰማሁ” አለ አናቱን እየዳበሰ። ስልኩን አወጣና ሸኽ ተውፊቅ ዘንድ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ለቀቀው።

“ሸኻችን፣ ሰኞ አንመጣም።”

“አልሐምዱሊላህ! ታረቃችሁ?”

ዳውድ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ገና እጄን እንዳነሳሁ ነኝ።

“አይ፣ እየተጣላን ነው” አላቸው። “ግን አሁን ከመጀመሪያው ጀምረን ነው።”