ሁለት ሰው የሚያቆም ፍሬን

ቴፓኤሩ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር። ወደ ቤቷ የምትመለሰው በባሏ በኢዮቲያ ሞተር ሳይክል፣ ከኋላው ተቀምጣ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒት እንደማይረዳት፣ ቀሪ ቀኖቿን ቤቷ ብታሳልፍ እንደሚሻል ለኢዮቲያ ለብቻው ነግሮት ነበር። እሷ ማንም ሳይነግራት አውቃለች።

"የወንድሜ ፒክአፕ ታሮ ይጫንበት፣" አለች። "ሙሽራ ሆኜ የገባሁት በሞተር ነው፤ አሁንም በሞተር እገባለሁ።"

"ያኔ ቀሚስሽ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ መንደሩ ሁሉ ሳቀብን።"

"ይሳቁ። አሁንም የሚስቅ ከተገኘ ጥሩ ነው።"

ችግሩ ቁልቁለቱ ነበር። ሆስፒታሉ ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት ኢዮቲያ እሷን ጠይቆ በሦስተኛ ማርሽ እያፏጨ ሲወርድ የፊት ፍሬኑ እጅ ሰጠ። የኋላው ብቻውን ሊይዘው አልቻለም። መታጠፊያው ጋ መንገዱን ስቶ፣ እንደ ጎደሬ ያለው ታሮ የሚበቅልበት የሰው ማሳ ጭቃ ውስጥ እስከ ብብቱ ገባ። ራሮቶንጋ ትንሽ ደሴት ናት፤ እሱ ጭቃውን ታጥቦ ሳይጨርስ ወሬው ዙሪያዋን ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለ፦ ሁለት ሰው የሚያቆም ፍሬን ሳይኖረው ቴፓኤሩን ከኋላው አያስቀምጥም።

አዲስ ፍሬን መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። አንዱን አሳማ ሸጦ ከኒውዚላንድ የፍሬኑን ፒስተን የሚከቡትን የላስቲክ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹን ብቻ አዘዘ፤ የቀረውን በእጁ ሊወጣው ነው። የሥራ ጠረጴዛው የአባቱ መቃብር ነበር። እኛ ዘንድ ሙት የሚቀበረው በቤቱ ግቢ ነውና ከበረንዳው ሦስት እርምጃ ነው፤ ሲሚንቶው ለጥ ያለ፣ ጥላ ያለበት፣ ለዕቃ የሚመች። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ መፍቻቸውን የነካ ሰው ወዮለት፤ አሁን ግን ምንም አላሉም።

ጨው የበላው ፒስተን አልወጣ ብሎ ሁለት ቀን ታገለው። ከኋላው ግሪስ እየጠቀጠቀ ገፍቶ አስወጣው። ዝገቱን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ በመጨረሻ በጥርስ ሳሙና አሸው። የፍሬን ሸራዎቹን ሜዳ ላይ ከተጣለ ሞተር ፈታ። ሲመሽ ፒስተኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይይዘውና ለቴፓኤሩ ወስዶ ያሳያት ነበር።

"ፊቴን አየሁበት፣" አለች አንድ ቀን። "ባላየው ይሻለኝ ነበር።"

ጎሚኒዎቹን የጫነው መርከብ የገባው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጎሚኒዎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር፤ ቴፓኤሩም ሰኞ ጠዋት እንድትወጣ ተወስኗል። የቀረው አየሩን ከቱቦው ማስወጣት ብቻ ነው። አየሩ ግን አላልቅ አለ፣ የፍሬኑ ዘይት አለቀ። ሱቁ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቷል።

የቴፓኤሩ ወንድም ቱታይ ዓሣ ይዞ ሲመጣ ኢዮቲያን መቃብሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው።

"ምን ሆነህ ነው እንደ ተቀጣ ልጅ?"

"ዘይት አለቀብኝ። ትንሽ ነበር የቀረኝ።"

"ዘይት? ጀልባዬ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ።"

ሄዶ የጀልባውን መሪ የሚያዞረውን ዘይት አመጣ። ኢዮቲያ አሸተተው፣ በጣቶቹ መካከል አሸው። ዕቃውን መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ያንኛውም ይገፋል፣ ይሄም ይገፋል፣" አለ ቱታይ። "ዘይት ዘይት ነው፣ አማቼ።"

ሞሉት። እጀታው ወዲያው ጠነከረ። ቱታይ ከኋላ ወጥቶ ተቀመጠና "እኔን ካቆመ እሷን በትንፋሹ ያቆማል" አለ። ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፍሬኑ ቀጥ አደረጋቸው። ኢዮቲያ ከስንት ወር በኋላ ሳቀ፤ ሳቁ አልቆምለት ብሎ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እሑድ ቀን መፍቻ የሚይዝ ሰው የለንም፤ ቢኖርም ጎረቤቱ አይምረው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቱታይ በፒክአፑ ወደ ሆስፒታል ወሰደው። ቴፓኤሩ ነጩን የእሑድ ባርኔጣዋን አስመጥታ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች።

"ነገ፣" አላት።

"ነገ፣" አለችው።

ሞተሩ ግን ቤት ቆሞ፣ ያ የጀልባ ዘይት ቀኑን ሙሉ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የፊት ጎማው አልዞርም አለ። ኢዮቲያ ፈትቶ ሲያየው ጎሚኒዎቹ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጠው ፒስተኑን ጠርቅመው ይዘውታል። ላስቲኩ ያን ዘይት ጠጥቷል። ተመልሶ አይሠራም። ቱታይ አንዱን ጎሚኒ በመዳፉ ይዞ አየና መሬት ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ።"

"ሁለታችን ነን።"

ሆስፒታል ሲደርሱ ቴፓኤሩ ባርኔጣዋን አድርጋ እየጠበቀች ነበር። ኢዮቲያ ነገራት። ባርኔጣዋን አወለቀች።

"ቱታይ ውጭ ቆሟል፤ በፒክአፑ እንሂድ፣ እባክሽ።"

"ታሮ አይደለሁም አልኩህ። ሌላ እዘዝ።"

"መርከቡ እኮ አንድ ወር ይፈጃል።"

"እጠብቃለሁ። የት እሄዳለሁ?"

ብድግ አድርጎ ሊሸከማት ይችል ነበር፤ ክብደት የሚባል ነገር አልቀረላትም። አላደረገውም። እውነቱን እንናገር፣ እሱም የጀመረውን ሳይጨርስ መሸነፍ አልፈለገም። ግትር ከግትር ጋር አርባ ዓመት ኖረው ማን ለማን ይሸነፋል? ሁለተኛውን አሳማ ሸጦ እንደገና አዘዘ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ጎሚኒዎቹ ገና ባሕር ላይ ነበሩ።

ከኮረብታው ያወረዷት በዚያው በፒክአፑ ነው። እሷው በእጇ ከሰፋቻቸው ብርድ ልብሶች ሁሉ የሚያምረውን አለበሷት፤ ወንዶቹ ግራና ቀኝ ሆነው እጃቸውን መኪናው ላይ አሳርፈው በእግር ወረዱ። ኢዮቲያ ከኋላ ነበር። መኪናው አንዴም ሳይንገጫገጭ፣ በእነሱ እርምጃ ልክ ቁልቁለቱን ጨረሰ።

ታች ሲደርሱ ቱታይ ወርዶ ፊቱን በሸሚዙ ጠረገ።

"እንዳትናወጥብኝ ብዬ ፍሬን አልነካሁም፣" አለው። "አንደኛ ማርሽ ብቻውን ነው ይዟት የወረደው።"

ኢዮቲያ ዞሮ ቁልቁለቱን አየ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ቤቱ አደረሱት። ቴፓኤሩን ከአባቱ ጎን ቀበሯት።

መርከቡ በሚቀጥለው ሳምንት ገባ። ጎሚኒዎቹን በአባቱ ሲሚንቶ ላይ ዘርግቶ ገጠማቸው፤ የእሷ ገና አልደረቀም። በትክክለኛው ዘይት ሞላው። ከዚህ የተሻለ ፍሬን በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም፤ በአንድ ጣት ሲነካው ይይዛል።

በሦስተኛው ቀን ብቻውን ወደ ሆስፒታሉ ወጣ። በሩ ጋ ሞተሩን አዞረ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ እጆቹን ከፍሬኑ አነሳ፣ እግሮቹን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ለቀቀው። ሞተሩ እያጉረመረመ ወረደ። አንዲት ጃንጥላ የያዘች አሮጊት በእግሯ ቀድማው አለፈች፤ ወደ ኋላ ዞራ "ምነው፣ ተበላሸብህ?" አለችው።

"ደህና ነው፣" አላት።

ደህና ነበር። እነዚያን ሁሉ ወራት ደህና ነበር። በፈለገው ቀን፣ ቱታይ ከኋላ ደገፍ አድርጓት፣ እንዲህ በአንደኛ ማርሽ ሊያወርዳት ይችል ነበር። መታጠፊያውን አለፈ፣ የታሮውን ማሳ አለፈ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆመ።