የጎደለችው ድምፅ

ጊታር ጠጋኙ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሰርቄአለሁ ሲል ኖሯል። ለሰማውም ላልሰማውም ከማውራቱ ብዛት፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ገና ከሩቅ ሲያየው «ዛሬስ ምን ወሰዱብህ?» እያለ ያበሽቀው ነበር። እሱም ልብስ ሰፊውን ካኮረፈው ይኸው አራት ዓመት አለፈው።

የተሰረቀው የዘፈን መግቢያ ነው። ያ አገር ምድሩ የሚያውቀው የሮክ ዘፈን ሲጀምር ጊታሩ አምስቴ ይመታል፣ ስድስተኛዋ ላይ ትንፋሽ የምታህል ዝም ይላል፣ ከዚያ ሰባተኛዋ ዱብ ትላለች። የተማሩት ሰዎች ስለዚያች ዝምታ ስንት ወረቀት ጨረሱ። ባለዘፈኑም ዝናብ እያየሁ የመጣችልኝ ናት ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ዝናብ! ዝምታዋ የመጣችው ከጠጋኙ ግራ እጅ ነው። የትንሿን ጣቱን ጫፍ መጋዝ ወስዶበታል። ክር በቀየረ ቁጥር ጊታሩን የሚሞክረው በዚያችው ዜማ ነበርና፣ ስድስተኛዋ ላይ ጣቱ ስለማይደርስለት ይዘላታል። ባለዘፈኑ ያኔ ማንም የማያውቀው ወጣት ነበር፤ እዚሁ መጠገኛው ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ሲጠብቅ ይሰማል። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ጠጋኙ ሊያነጋግረው ቢሄድ ዘበኛ ከበር መለሰው።

እንግዲህ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውላ የመግቢያውን ምንጭ እያፈላለገች እንደሆነ፣ ሦስት ጊታር ተጫዋቾችም እሱ ዘንድ ሰማነው እንዳሏት ስትነግረው፣ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮው ሳያወርደው ቆየ። ጢሙን ተላጨ። የእንጨት ብናኙን ጠረገ። የዕቃ ማስቀመጫ ሆና የቀረችውን ሁለተኛዋን ወንበር ባዶ አደረጋት። ሰው ከተቀመጠባት ስንት ዘመኗ።

ጋዜጠኛዋ መጣች፣ መቅረጫዋን ከፈተች። ተጫወተላት። ጣቱንም አሳያት። ጣቱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ «ጋሼ፣ አሁን አመንኩ» አለችው። ይህችን ቃል ነበር የጠበቀው። እሷ ግን መቅረጫውን ጠጋ አድርጋ ቀጠለች።

«እርስዎስ ከማን ሰሙት?»

ከማንም ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ የኮምፔርሳቶ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከግድግዳው ማዶ ማድ ቤት ነው። ባለቤቱ ምግብ ሲደርስ በማንኪያ እጀታ ግድግዳውን ሰባቴ ታንኳኳለት ነበር፤ አምስቱን አከታትላ፣ ስድስተኛዋን ለስለስ፣ ሰባተኛዋን ጠንከር አድርጋ። እሱ ደግሞ በያዘው ጊታር ምቷን መልሶ ይጫወትላታል፣ መጣሁ ማለቱ ነው። አይመጣም። ምግቡ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ማንኳኳቱ ቀረ፤ መቅረቱንም ያወቀው ሲርበው ነው። ልብሷን ይዛ ሄዳ ነበር።

በደሉን ሺህ ጊዜ ሲያወራ እሷን አንዴ እንኳ አንስቷት አያውቅም።

«ከባለቤቴ» አለ። «ምቱ የሷ ነው። እኔ አንዷን ነው የጣልኩባት።»

ጋዜጠኛዋ የት እንደምታገኛት ጠየቀችው። አያውቅም። በሕይወት ትኑር አትኑርም አያውቅም። ስሟን ብቻ ነገራት፤ ሲጠራው አፉ ላይ እንግዳ ሆነበት።

«ልጄ፣ ስታወሪው እሷን አስቀድሚ። ምናልባት ትሰማ ይሆናል» አላት። «የኔን ስም ብትተዪውም ግድ የለም።»

ነገ እንደሚቆጨው እያወቀ ነው ያለው።

በማግስቱ አንድ የባንክ ሠራተኛ ክር ሊያስቀይር መጣ። ጠጋኙ ክሮቹን ቀየረ፣ ቃኘ፣ እጁ እንደ ልማዱ ወደዚያችው ዜማ ሊሄድ ሲል ገታውና ጊታሩን ለሰውዬው አቀበለው።

«ሳትሞክረው ነው የምትሰጠኝ?»

«አንተ ሞክረው።»

ሰውዬው ነካ ነካ አደረገና፣ ጊታር የያዘ ሁሉ እንደሚያደርገው ያችኑ መግቢያ ጀመረ። አምስቱን መታ። ስድስተኛዋ ላይ እንደ ዘፈኑ ዝም አለ።

ጠጋኙ ፊቱን ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ አዞረ።