ሳፎክ ማዶ

ማንደፍሮና የትነበርሽ በተጋቡ በዓመታቸው ካርቱም ላይ ተለያዩ። እሷን አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር እንግሊዝ አገር ወሰዳት። እሱ «ተከትዬሽ እመጣለሁ» ብሎ ቀረ፤ በኋላ ደላላው አምጥቶ ሆላንድ ላይ ጣለው። አንድ ባሕር ብቻ ነበር የሚለያያቸው፤ ግን ማንደፍሮ ወረቀት አልነበረውም።

አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ባለው የስልክ ሳጥን እሑድ እሑድ ይደውልላታል። የትነበርሽ ሳፎክ በሚባለው የምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃ፣ ባሕር ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ስለ ናፍቆት ማውራት ሲከብዳቸው ስለ አገሩ ታወራለታለች።

«ሜዳ ነው ማንዴ። ቤተ ክርስቲያኖቹ በባልጩት ነው የተሠሩት። መንደሯ ትንሽ፣ ቤተ ክርስቲያኗ የከተማ! ዱሮ በበግ ፀጉር የከበሩ ነጋዴዎች ናቸው አሉ ያሠሯቸው።»

ሌላ ጊዜ ደንዊች ስለምትባል ቦታ ነገረችው። ዱሮ ትልቅ ወደብ ነበረች፤ ባሕሩ ጎዳናዋንም ቤተ ክርስቲያኖቿንም ተራ በተራ በላቸው። መቃብሩ ሲናድ ከገደሉ ላይ የሰው አጥንት ይታይ ነበር።

«እዚህ እኮ ባሕሩን ገድበው ነው የሚኖሩት» አለ ማንደፍሮ። «እነዚያ ምነው ዝም አሉ?»

«ስንቱን ይገድቡት? ገደሉ ሲጠጋቸው ቤታቸውን ትተው ይሸሻሉ።»

ከዳፐር ገበያ አሮጌ የሳፎክ ካርታ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ወንዞቹን በስም ለየ፤ ከሃርዊች ወደብ ወርዶ በየት በኩል ወደ እሷ እንደሚሄድ በጣቱ ይከተል ነበር። በቤተ ክርስቲያን የተዋወቃቸው፣ ሮተርዳም የሚኖሩት ኤርትራዊው ጋሽ ሃብተጽዮን፣ አዲስ አበባ ባደጉበት አማርኛ «የሳፎኩ ባላባት!» እያሉ ያሾፉበታል።

የጥገኝነት ጥያቄው ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆነ። ያገኘውን እየሠራ ዓመታት አለፉ። የትነበርሽ ስልክ የማታነሳበት እሑድ በዛ፤ ስታነሳም «ፈረቃ ገብቼ ነው» ትላለች። እሱም ሥራዋን ረገመ እንጂ እሷን አልጠረጠረም።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ጸደይ በመጨረሻ ስታቱሱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ወጣለት፤ ወዲያው ሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርት እጁ ገባ። ሳይነግራት ደርሶ ሊያስደስታት ቲኬት ቆረጠ። ሁክ ፋን ሆላንድ ወደብ ድረስ የሸኙት ጋሽ ሃብተጽዮን ግን መርከቡ ሥር ሲደርሱ «ኧረ ደውልላት፤ ሴት ልጅ ጋ ድንገት አይደረስም» አሉት።

ወደቡ ላይ ካለ የስልክ ሳጥን ደወለ። አነሳች።

«የትነብ፣ ወደቡ ላይ ነኝ! ፓስፖርቴ መጣ። ነገ ጧት አንቺ ጋ ነኝ።»

ከጀርባዋ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የኔ» አለች። «ማንዴ፣ አትምጣ። ልነግርህ ስል... ድምፅህን ስሰማ እያቃተኝ ነው። እዚህ ሰው አለኝ።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ልጅቷ ቆማ ትሄዳለች።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም። ስልኩን ሰቅሎ ወጣ። ጋሽ ሃብተጽዮን ሻንጣውን አቀበሉት፤ «ግባ እንጂ፣ ሊዘጉት ነው።»

«እንመለስ ጋሼ።»

ፊቱን አዩና ሻንጣውን መልሰው ያዙ። ባቡሩ ማስላውስን ሳያልፍ ማንደፍሮ ማልቀስ ጀመረ። ሰው ሁሉ እያየው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ጋሽ ሃብተጽዮን እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሮተርዳም ሲደርሱ «ዛሬ እኛ ጋ እደር፤ ባለቤቴ ኣሰገደት ምግብ ሠርታለች» አሉት፤ አልሰማቸውም፤ የአምስተርዳሙን ባቡር ተሳፈረ።

ሥራ አልተመለሰም። ቤተ ክርስቲያንም ቀረ። ጋሽ ሃብተጽዮን ከሮተርዳም እየተመላለሱ ደረጃውን ቀስ እያሉ ሲወጡ፣ እፎይ ብለው ሲያርፉ፣ ከዚያ በሩን ሲያንኳኩ ማንደፍሮ ይሰማል።

«ማንደፍሮ፣ እኔ ነኝ።»

«አወቅሁዎት ጋሼ።»

«ክፈትልኝ እንጂ ልጄ።»

አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ለመነሳት ያስባል፤ ግን አይነሳም። ሽማግሌው ጥቂት ይጠብቃሉ። ከዚያ ያመጡትን ዳቦ በሩ ሥር አስቀምጠው፣ መደገፊያውን ይዘው ይወርዳሉ።