የመጀመሪያው ድል ማግስት

እሁድ ጠዋት አበቡ እስራኤል ውስጥ ናታንያ ከተማ ወደሚገኘው ዳቦ ቤት ለሥራ ስትገባ፣ ጋጋሪው ቫዲም ምድጃው ፊት እየዘፈነ ይጨፍር ነበር። አገሩ ሩሲያ፣ አገሮች እርስ በርስ ድምፅ በሚሰጣጡበት የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፋለች። ሁለተኛ የወጣችው ዩክሬን ነበረች፤ ሊጥ የሚያቦካው ኦሌግ ደግሞ የዩክሬን ሰው ነው።

«ጎረቤቶቻችሁ ፈርተው ነው የመረጧችሁ!» አለ ኦሌግ።

ቫዲም ስቆ በዱቄታም እጁ የኦሌግን ጉንጭ መታ መታ አደረገው። ኦሌግ አፍንጫውን በቡጢ አለው። ደሙ ሊጡ ላይ ተረጨ። ቫዲም የመጋገሪያውን የብረት ትሪ አንሥቶ ሲሰነዝር አበቡ በዕብራይስጥም በአማርኛም «ዳይ! በቃችሁ!» እያለች መሃላቸው ገባች። ትሪው ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር ሦስቱም ሰሙት።

ፖሊስ እስኪመጣ ቫዲም ለመናት። «አበቡ፣ ወድቄ ነው በይ። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አሉኝ። በዚህ ክንድ ነው የማሳድጋቸው» አለችው።

ለፖሊሱ ማን ማንን በምን እንደመታ አንድ በአንድ ነገረችው። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። ቫዲም በኋላ ደውሎ ይቅርታ ሲጠይቃት አበቡ አለቀሰች፤ ይቅርም አለችው። ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል ግን አልቀየረችም።