የጫልቱ ዋስ

በስልሳ አምስት በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ሲገባም በረዶ ይዞ መጣ። ጤፍ ተወደደ። ከሰሜን የተሰደዱ ሰዎች በቀራንዮ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ታዩ፤ ፖሊስ ያነሣቸዋል፣ በማግስቱ ሌሎች ይተካሉ። ከብት ያለው ከብቱን በርካሽ ሸጠ። የሌለው ዝም አለ።

መስከረም ሲጠባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እንደ ወትሮው ተከፈተ። ልጆቹ ግን እንደ ወትሮው አልነበሩም። ዘበኛው ሀብተማርያም ይህን ከበሩ ላይ ሆኖ አየ። ድሮ ኳስ እያንከባለሉ የሚገቡት አሁን ተጠጋግተው እያወሩ ይገባሉ፤ እሱ ሲቀርብ ወሬው ይቆማል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክርክር ክበብ ነበር። ሌላ ጊዜ “ከከተማና ከገጠር የቱ ይሻላል?” እየተባለ ይሳቅ ነበር። በኅዳር ግን “ለረሃብ ተጠያቂው ሰማይ ነው ወይስ ሰው?” የሚል ርእስ ተሰጠ። ወገን የሚለየው በዕጣ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ጫልቱ ቱሉ “ሰው” የሚለው ዕጣ ደረሳት።

ጫልቱን ትምህርት ቤቱ የሚያውቃት በእግሯ ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር ስምንት መቶ ሜትር ሮጣ ዋንጫ አምጥታለች። ያን ዕለት ግን ቆማ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ “ሰማይ ጎተራ የለውም። ጎተራ ያለው ሰው ነው። የዘጋውም ሰው ነው” አለች። አዳራሹ ተናወጠ። ልጆቹ ከዚያው ተነሥተው እየዘፈኑ እስከ ጦር ኃይሎች ወረዱ፤ ፖሊስ በዱላ በተናቸው።

ሰኞ ጫልቱና ጥቂት ጓደኞቿ ተባረሩ። የስፖርት አስተማሪው አምሐ ዲሬክተሩ ዘንድ ገብቶ፣ “አቶ ፀሐዬ፣ ወገኑን የሰጣት እኮ ዕጣ ነው” ቢል፣ “ዕጣው ያን ያህል አምርሪበት አላላትም” አሉት።

“እንግዲያው አፏ ይባረርና እግሯ ይቅርልኝ።”

አቶ ፀሐዬ አልሳቁም።

በታኅሣሥ ግን አዲስ ትእዛዝ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ ያመጣ ይመለሳል፤ ዳግም ያወከ እንደሆነ ዋሱ ተይዞ ይጠየቃል። እስከ ገና ያልተመለሰ ማትሪክ አይቀመጥም።

የጫልቱ አባት ቱሉ ወደ በሩ መጣ። ከቀራንዮ በታች የሚያርስ፣ ቃሉ የተቆጠረ ሰው ነው። ዱላውን ተመርኩዞ ቆመ።

“ሀብቴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ደግ ሰው ታውቃለህ?”

ሀብተማርያም የመንግሥት ካኪ ለብሶ ቆሟል። “እስቲ ላስብ” አለ።

“እሱስ ማለፊያ ነው” አለና ቱሉ ሄደ።

የሀብተማርያም ፊት እንደ እሳት ነደደ። ከጎጃም መጥቶ ለዚህ ሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ቢባል ዘመድ አልነበረውም። ዋስ የሆነው ይኸው ቱሉ ነበር፤ በወጉ ሳያውቀው፣ ጎረቤት ነው ብሎ ብቻ። ብዙም ሳይቆይ የስፖርት ዕቃ ቤቱ ተሰበረ፤ ኳሱም መረቡም ተወሰደ። ሀብተማርያም በእኔ ያላክካሉ ብሎ ፈራ። በጓሮ አጥር ሾልኮ ጠፋ። ፖሊስ ሲያጣው ዋሱን ያዘ። ወሩ የአጨዳ ወር ነበር፤ የቱሉ ጤፍ ማሳው ላይ ረገፈ። በኋላ ሌባው ሲገኝ ቱሉ ተፈታ፣ ሀብተማርያምም ወደ ሥራው ተመለሰ። ይቅርታ ሊል አስቦ አፉ አልታዘዘለትም። ቱሉም አንድ ቀን እንኳ አላነሣበትም። ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

ማታ ለሚስቱ ለዘመነች ነገራት።

“ጡረታህ ደጃፍ ላይ ቆሞ?” አለች። “እሷ ልጅ እንደሆን አፏ አያርፍ። ኋላ አንተ ስትታሰር እኔ ምን ልብላ? ክርክር ልብላ?”

“የአባቷ ብድር አለብኝ።”

“ያኔ አጥር ስትዘል የት ነበር ብድሩ?”



በማግስቱ ጫልቱን ሊያስምላት ሄደ። ከወንዙ በላይ ባለው ሜዳ ብቻዋን ስትሮጥ አገኛት። ስታየው ቆማ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

“ልጄ፣ ዋስ ብሆንሽ ዝም ትያለሽ?”

ጫልቱ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “ጋሼ ሀብቴ፣ አጥኚ ይበሉኝ፣ አጠናለሁ። ሩጪ ይበሉኝ፣ እሮጣለሁ። ዝም በዪ ግን አይበሉኝ።”

“የምታሰረው እኔ ነኝ እኮ!”

“ገብቶኛል። እርስዎን ዋሽቼ ከምመለስ ብቀር ይሻለኛል።”

“አባትሽ ነው እንዲህ በይው ያለሽ? የድሮውን ነግሮሽ?”

“የምን ድሮ?”

ዐይኗን አያት። የምታውቀው ነገር የለም። ቱሉ ለገዛ ልጁ እንኳ አልነገራትም። ሀብተማርያም ከዚያው ቀጥ ብሎ ወደ ዲሬክተሩ ክፍል ሄደ።

አምሐም እዚያው ተቀምጦ ነበር። አቶ ፀሐዬ ዘበኛውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“ምንህ ናት?”

“ምኔም አይደለች፣ ጌታዬ። አባቷ ባለውለታዬ ነው።”

“አንተ ኳስ ሲጠፋ የሸሸኸው አይደለህም እንዴ? ሯጭ ለሯጭ ዋስ ሆነ በለኛ!”

አምሐ ሳቁን ለመደበቅ መሬት መሬት አየ።

“ሸሽቻለሁ” አለ ሀብተማርያም። “መንገዱን ስለማውቀው ደግሜ አልሄድበትም።”

አቶ ፀሐዬ ቀለሙን አቀረቡለት። አውራ ጣቱን ነክሮ አተመ።

ጫልቱ ተመለሰች። ቀን ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ አምሐ ሰዓት ይዞ ያሮጣታል። ስትገባና ስትወጣ ለሀብተማርያም ጎንበስ ትላለች እንጂ ብዙ አያወሩም። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። ልጆች ተሰብስበው ባየ ቁጥር እሷ መኻላቸው መኖሯን ያያል።

በየካቲት ታክሲው በአድማ ቆመ። አስተማሪዎቹ ማስተማር ተዉ። አንድ ጠዋት ልጆቹ ግቢውን ሞልተው ወደ በሩ ጎረፉ፤ ጫልቱ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ሀብተማርያምን አየችው። ልትወርድ ቃጣት። ልጆቹ ከኋላ እየተገፉ በብረቱ በር ላይ ሊደፈጠጡ ሆነ። ሀብተማርያም ቁልፉን አወጣና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ያን ጊዜ ተናገረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያለችው ሁሉ እስከ ማታ ሰፈሩን አዳረሰ።

በሁለተኛው ቀን የፖሊስ ላንድሮቨር ከበሩ ፊት ቆመ። አምሐ እየሮጠ መጣ።

“ጋሽ ሀብቴ፣ ልጅቷን አጥተዋት ዋሷን ፍለጋ ነው የመጡት! በጓሮ ይውጡ፤ አጥሩ ክፍት ነው!”

የሀብተማርያም እግር ወደ ጓሮ አለ። ጉልበቱ ያን መንገድ አልረሳውም። ሁለት እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ ተመለሰና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

“የጫልቱ ቱሉ ዋስ ማነው?” አለ አሥር አለቃው።

“እኔ ነኝ።”

“ልጅቷ የት አለች?”

“አላውቅም።”

“ብታውቅስ?”

“ብታውቅስ ብለው አይጠይቁኝ፣ ጌታዬ።”

በጥፊ መቱትና ወሰዱት።

ከሥራው ተሰናበተ። የጡረታውም ነገር እንጃ ተባለ። ዘመነች ጣቢያ መጥታ አለቀሰች፣ ሰደበችው፣ ጋቢ ሰጥታው ሄደች።

በማግስቱ ቱሉ ምሳ ቋጥሮ መጣ። የጣቢያው ጠባቂ ፈትሾ አስገባው። ቱሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ልጅቷ ደህና ናት” አለ፤ የት እንዳለች አልተናገረም፣ ሀብተማርያምም አልጠየቀም። ቱሉ ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

“ይኼ ክፍል ያኔም ያፈስ ነበር” አለ ቱሉ።

ያንን ዘመን በአፉ ሲያነሣው የመጀመሪያው ነበር። ሀብተማርያም እንባው መጣ።

“ቱሉ፣ ያኔ…”

“ተወው።”

“አልተውም። ያኔ እዚህ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።”

ቱሉ ቋጠሮውን ፈታ። “ይኸው ተቀመጥህ” አለው። “ብድርህን መልሰሃል። ጨርሰናል። በል ብላ፣ ቀዘቀዘ።”