ነፋስ የሚያጥብ ሣጥን

ሣጥኑ በመጣበት ካርቶን ላይ ባለው ሥዕል በሩ ዝግ መሆኑን ያስተዋልኩት፣ ሣጥኑ መስኮታችን ላይ ተገጥሞ ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሥዕሉንማ ከመጀመሪያው አይቼው ነበር። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። እኔ ግን የልጆቹን ፊት ነበር የማየው፤ ጤነኞች ይመስላሉ ወይ እያልኩ። ከኋላቸው ያለውን በር አላየሁትም። መተማ ውስጥ ሰው ቤቱ እያለ በሩን በቀን አይዘጋም። የተዘጋ እንደሆነ ወይ ታማሚ አለ፣ ወይ ጠብ አለ። በዚህ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ ሦስተኛም ነገር አለ፤ ቀበሌው የማያውቀው ስብሰባ።

ልጄ ታንጉ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰሊጥ ተቆርጦ መራገፍ ሲጀምር፣ ከኮኪት የሚመጡት የጭነት መኪኖችም አቧራውን ሲያነሱት፣ ደረቷ ያፏጫል። የጤና ጣቢያው ሰው «ከአቧራ ካልራቀች ደጋ ትውጣ» ብሎናል። ጎንደር ያለችው አክስቷ አገኘሽ ልትወስዳት ተስማምታለች፤ መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። ልብሷን በሻንጣ አድርጌ በሩ ሥር ካስቀመጥኩ ሰንብቻለሁ። ከመኪና ላይ ስትወድቅ፣ ጎንደር ብርድ ሲመታት፣ እኔንም ስትረሳኝ በሐሳቤ በየተራ አይቼዋለሁ።

ባለቤቴ ፈረደ ወፍጮ ቤት አለው። «መብራቱ ከጄኔሬተሬ ይመጣል። መጀመሪያ እዚሁ የነፋስ ማሽን እንሞክር» አለ።

ከገላባት እየተሻገረ የሚነግደው በሽር ሁለት ነገር አመጣልን፤ አንድ ቬንትሌተርና ሱዳኖች ሙከይፍ የሚሉትን ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን። የሣጥኑ ጎኖች ጭድ ናቸው፤ ውሃ ይወርድባቸዋል፤ ውስጡ ያለው መዘውር ደግሞ የውጭውን ነፋስ በእርጥቡ ጭድ በኩል ይስበዋል።

«የቱ ነው የሚሻለው?» አልኩት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። እኔን ጠይቀሽ ልታምኚኝ ነው?»

እውነቱን ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በየተራ በሁለቱ ዕቃዎች ፊት ዘረጋሁ። ቬንትሌተሩ ፊት የነበረው ጨርቅ ምሳ ሳይደርስ ቡናማ ሆነ፤ የቤቱን አቧራ ከማዞር በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሙከይፉ ፊት የነበረው ነጭ እንደሆነ ዋለ፤ ጭቃው የቀረው ከሣጥኑ ሥር ካለው ውሃ ውስጥ ነው። ቬንትሌተሩን መለስኩለት።

«የኋላውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቺው። የገባው ነፋስ መውጫ ይፈልጋል» ብሎኝ ሄደ።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር። መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ ውባንች መጡ። ቀጥሎ ከሰሊጥ እርሻ የተመለሱ የጎጃም ሠራተኞች፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ ልብሳቸውን እያራገፉ ገቡ። ሁሉም ሙከይፉ ፊት ተደረደረ።

«ይህን ብርድ ባውቅ ካፖርቴን ይዤ እመጣ ነበር» አለ አንዱ።

«አንተ ካፖርት አለህ?» አሉት እትዬ ውባንች። «ስትመጣ ሸሚዝህም የሰው ነበር።»

ሳቁ ሳያልቅ የታንጉን ደረት ሰማሁት። ያፏጫል። የዘረጋሁት ጨርቅም ከቬንትሌተሩ ጊዜ ብሷል። ያን ጊዜ ነው ካርቶኑን አንስቼ የሥዕሉ በር ዝግ መሆኑን ያየሁት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ታንጉን ይዤ በሩን ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ውባንች ደረሱ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ከውጭ።

«ምንም አላጠፉም እትዬ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው።»

እግራቸው ወደ ጓሮ ሲሄድ ሰማሁ። ካኮረፉ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያኮርፍ አወቅሁ። ይህን እያሰብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የአብዮት ጥበቃው አዛናው ነው፤ ጠመንጃውን እንደያዘ።

«በሩ ለምን ተዘጋ? ስብሰባ አለ?»

«ያለችው ታንጉ ናት» አልኩና ካርቶኑን ዘረጋሁለት። «ይኸው፣ ሲዘጋ ነው የሚሠራው።»

ሥዕሉን አገላብጦ አየ። «እነዚህስ ምን ተሰብስበው ያስቃቸዋል?» አለ። ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ነፋሱን ፊቱ ላይ ሲያገኘው ዓይኑን ጨፈነ።

በዚህ መሐል እትዬ ውባንች ከጓሮ ተጣሩ። «ኧረ ወዲህ ኑ! ቅዝቃዜው ያለው እዚህ ነው!»

ዞረን ስንሄድ ከኋላው መስኮት ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከሁለቱ ጣት ክፍተት የሚወጣው ነፋስ ነጠላቸውን ያውለበልበዋል። ኩርፊያቸውን ረስተዋል።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሮጬ አላውቅም። ሁለቱንም አንጋረብ፣ የገመድ አልጋዎቻችንን፣ አውጥቼ መስኮቱ ሥር ዘረጋሁ። ውሃ በእንስራ አስቀመጥኩ። ሠራተኞቹ መጥተው ልብሳቸውን እንደልባቸው እያራገፉ ተጋደሙ። አዛናውም ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንዱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ «ጥበቃ ላይ ነኝ» እያለ።

«ጠብቅ፣ ነፋሱ እንዳያመልጥ» አሉት እትዬ ውባንች።

ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ሁሉንም የበተናቸው አዛናው ነው፤ አልጋዎቹንም መልሰን አስገባን። ፈረደ ጄኔሬተሩን ሊያጠፋ ሲሄድ አጥቤ ሙከይፉ ፊት የዘረጋሁትን ጨርቅ አነሳሁት፤ ነጭ ነው። ጆሮዬን ታንጉ ደረት ላይ አሳረፍኩ። ደግሜ አሳረፍኩ። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ነገ ለሾፌሩ ምን ልበለው?» አለ ፈረደ ሲመለስ።

«ዘንድሮ አትሄድም በለው» አልኩ።

የከርሞውን ከርሞ እፈራዋለሁ። በሩን ልቆልፍ ስል አልገጥም አለኝ፤ አልጋዎቹ ሲገቡ ወደ መዝጊያው የተገፋው የታንጉ ሻንጣ ነው። አነሳሁና አልጋ ሥር ገፋሁት፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን ጣልኩት።