ለአዲስ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት

“ይነክሳል” አለ አለምብርሃን፣ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ሆዱ የተከፈተ የስፌት መኪና አጠገብ እያስቀመጠ። “ገና ሳምንት አልሞላውም እኮ! አንድ ይተኩሳል፣ ሁለተኛውን ነክሶ ይቆማል። ምን ይሻለኛል ጋሼ ተማም?”

ተማም እጁን በጨርቅ ጠረገ። መጥረጉን ሆን ብሎ አስረዘመው። የቀበሌው ሊቀመንበር አለምብርሃን ወደ ሱቁ ሲገባ ስለ ኻድራ ሊነግረው የመጣ መስሎት ደንግጦ ነበር። ለሽጉጥ መምጣቱን ሲያውቅ እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቱ አፈረ።

ኻድራ ልጁ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከስድስት ቀን በፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብዮት ጥበቃዎች ደብተሯ ውስጥ የተጣጠፈ የፀረ አብዮት ወረቀት አገኘን ብለው ወሰዷትና የቀበሌው መጋዘን ውስጥ አስገቧት። መጋዘኑ ድሮ የአንድ ነጋዴ ቡና ማከማቻ ነበር፤ በዚያ በ1970 ሚያዝያ ግን የሚከማችበት ሰው ነው። መሪያም፣ እናትየዋ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ታመላልሳለች። ሳህኑ ባዶውን ስለሚመለስ ልጅቷ በሕይወት አለች ማለት ነው። ይህን ያህል ብቻ ነው የሚያውቁት።

“ልጅቷስ እንዴት ሆነች ጓድ ሊቀመንበር?” አለ ተማም።

“እያየነው ነው። መጀመሪያ ይቺን ነገር አስተካክልልኝ፣ የልጅቷን ጉዳይ እናያለን።”

ይህን ሰውዬ ተማም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የእናቱን የእጅ ስፌት መኪና ተሸክሞ ከለገሃር እስከ መጋላ እያላበው የሚመጣ፣ ሥራው እስኪያልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቁልፍና ክር የሚለይ ጭምት ልጅ ነበር። ያኔ “አለሙ” ይለው ነበር። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን “አንተ” የሚለው ቃል ከተማም አፍ ጠፍቶ “እርስዎ” ገባበት። አለምብርሃን ግን እንደ ድሮው “ጋሼ” ማለቱን አልተወም፤ ተማምን ከምንም በላይ የሚያስፈራውም ይኸው አጠራሩ ነበር።

ሰውዬው ወደ ስፌት መኪና ጠጋኝ ሽጉጥ ይዞ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ተማም ወጣት ሳለ ሐረር ጦር ሰፈር የመሣሪያ ጥገና ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቷል። ከዚያ ወጥቶ የስፌት መኪና መጠገን ሲጀምር ከመርፌ የበለጠ የሚወጋ ነገር ዳግመኛ አልነካም ብሎ ነበር። እንዲህ ብሎ የማለ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነው።

ሽጉጡን አነሳው። ትንሽ ማካሮቭ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ግጥም የሚል፣ የፋብሪካ ቅባቱ ገና ያልለቀቀው። ካዝናውን አወጣ፤ ባዶ መሆኑን አየ፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበው። ሞላው አዲስ ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ ሌላ የሚታይ እንከን ግን አልነበረውም።

“ጥይቱን ልየው።”

አለምብርሃን ከቦርሳው የወተት ጣሳና አንዲት የወረቀት ፓኮ አወጣ። “ጣሳው ውስጥ ያለው ከቤት ለቤት አሰሳ የተገኘ ነው፣ የጣሊያን። ስድሳ ያህል ይሆናል። ፓኮው ከሽጉጡ ጋር የመጣ ነው፣ አሥራ ስድስት ብቻ ሰጡኝ። ለክፉ ቀን ይሆናል ብዬ አልነካሁትም። የምተኩሰው ከጣሳው ነው። ሁለቱም ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው አሉኝ፣ አይደለም እንዴ?”

ተማም ከጣሳው አንድ፣ ከፓኮው አንድ አንስቶ መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። መለኪያ አላስፈለገውም። የጣሊያኑ በጥቂቱ አጠር ይላል፣ እርሳሱም ከሲታ ነው። ማካሮቭ ውስጥ ይገባል፣ ግን ቤቱ አይደለም፤ ወይ ይደክማል፣ ወይ ይነክሳል። ሽጉጡ ጤነኛ ነው፤ ባለቤቱ ነው የሰው ጥይት እያጎረሰው ያለው። ይህን ለመናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር።

“ለመቼ ነው የሚፈልጉት?” አለ በምትኩ።

“ለቅዳሜ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሥራ አለብን።”

ባለፈው ቅዳሜም ሥራ ነበረባቸው። በማግስቱ እሑድ ሁለት እናቶች መጋዘኑ በር ድረስ ምግብ ይዘው ሄደው ምግቡን እንደያዙ ተመልሰዋል። አንደኛዋ የተማም ጎረቤት ናት፤ እስከ ዛሬ ድምጿ አልተሰማም።

የፓኮው ጥይት ካለቀ ለቅዳሜ የሚቀረው የሚነክሰው ብቻ መሆኑን ተማም አሰበ። ከዚያ ለራሱም እስኪገርመው ድረስ ሳይንተባተብ መዋሸት ጀመረ።

“አዲስ ሽጉጥ እንደ አዲስ ጫማ ነው ጓድ ሊቀመንበር፤ መፍታታት አለበት። የፓኮው ጥይት ጉልበተኛ ነው፣ የሚልኩትም ለማፍታቻ ነው። እሱ ከተተኮሰ በኋላ ሞላው ይለሰልስና የጣሊያኑን ያለ ችግር ይውጣል። ለሥራ የጣሊያኑ ይሻላል፣ እጅ አይመታም።”

“አሥራ ስድስቱንም?”

“አሥራ ስድስቱንም። ከዚያ ካነሰ ትርፉ ድካም ነው።”

“አቦ፣ እርግጠኛ ነህ?”

“ወላሂ” አለ ተማም።

በሕይወቱ በሐሰት ወላሂ ብሎ አያውቅም ነበር። ምላሱ ላይ እንደ ሬት መረረው።

የፓኮውን ጥይት ለመተኮስ ከከተማ ለመውጣት ሲዘጋጁ ግን የማይረባ ነገር ሠራ። ሽጉጡን ፈትቶ ሲያይ ጥይት ወደ ቤቱ በሚገባበት መንገድ ላይ ጣት የምትይዝ ትንሽ የብረት ጉጥ አገኘ። እሷን ትቶ መግጠም ነበረበት፤ ለአንዲት ጥይት እንኳ እንቅፋት ብትሆን አንድ ነገር ናት። እሱ ግን አለምብርሃን ስለ ሙቀቱ ሲያወራ “አዎ፣ አዎ” እያለ ደቃቅ ሞረዱን አነሳና ሁለት ጊዜ ወዲያ፣ ሁለት ጊዜ ወዲህ አደረገው። ጉጧ ጠፋች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሱቁ ያልተጠናቀቀ ሥራ ወጥቶ አያውቅም፤ እጁ ደግሞ ለማን እንደሚሠራ አይጠይቅም። ያደረገውን ያወቀው ዱቄቱን እፍ ሲል ነው። እጁን ቢቆርጠው በወደደ።

ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ በቀበሌው ላንድሮቨር ወጡ። አለምብርሃን ራሱ ይነዳል። ከከተማው ትንሽ እንደራቁ ከመንገድ ወርዶ አንድ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ላይ አቆመ። አሸዋው ከረፋዱ ጀምሮ ይፋጅ ነበር። የዘይት ቆርቆሮ ድንጋይ ላይ አስቀመጡ።

“የመጀመሪያውን ካዝና እኔ ልተኩሰው” አለ ተማም። “ማፍታታት በባለሙያ እጅ ሲሆን ነው።”

ስምንቱን አጎረሰ። ቆርቆሮው ላይ አላነጣጠረም፤ የሚተኩሰው ከሥሩ አሸዋው ላይ ነው። አንድ። ሁለት። ሽጉጡ አንድም ጊዜ ሳይሰናከል ቀለሁን ወደ ጎን እየተፋ ቀጣዩን ይጎርሳል። በየተኩሱ የተማም ልብ ትንሽ ትንሽ ቀለለ። ይህቺ ለማንም አትደርስም፣ ይህቺም አትደርስም፣ እያለ አሸዋው ውስጥ ቀበራቸው። ስምንተኛዋን ሲጨርስ ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

“አንተ! እንደ ቅቤ ነው እኮ!” አለ አለምብርሃን። “አምጣው፣ አምጣው።”

ሁለተኛውን ካዝና ሞልቶ አቀበለው። አለምብርሃን ጠጋ ብሎ ተኮሰ። ቆርቆሮው ዘለለ። ደገመ፤ ቆርቆሮው ወደቀ። ሄዶ አቆመውና እንደገና ሁለቴ መታው። እንደ ልጅ ሳቀ፤ ለአንድ አፍታ ያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክር የሚለየው አለሙ ፊቱ ላይ መጣ።

“አራት ቀርተዋል” አለ ተማም። “ይጨርሷቸው።”

“ቆይ እስቲ። አሁን እኮ ተፍታትቷል። የጣሊያኑን እንሞክረው።”

“አራቱ ካለቁ በኋላ ቢሆን ይሻላል።”

“ችግር የለውም ጋሼ፣ አብሽር!”

አለምብርሃን ካዝናውን አውጥቶ የቀሩትን አራት ጥይቶች መዳፉ ላይ አራገፈ። ከጣሳው አምስት ሞላ። የመጀመሪያዋ ደከም ባለ ድምፅ ተተኮሰች፤ ቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛዋ ስትመጣ ሽጉጡ ነከሳት። የላይኛው ብረት ጥይቷን አግድም ይዞ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

 ከአሸዋው ማዶ ፍየሎቿን የምትጠራ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል።

“ተፍታትቷል አላልክም?” አለ አለምብርሃን በቀስታ።

“ገና ነው። አራቱ ይቀሩታል ብዬ ነበር እኮ። አሥራ ስድስት ነው ያልኩት።” ተማም እጁን ወደ ሽጉጡ ዘረጋ። “አራቱን ይተኩሷቸውና ያዩታል—”

“በፓኮው አሥራ ሁለት ተኮስን፣ አንድም አልነከሰም። በጣሳው ሁለተኛዋ ላይ ነከሰ።” አለምብርሃን መዳፉን ከፍቶ አራቱን ጥይቶች አየ፤ ከዚያ ተማምን አየ። ቁልፍ ከቁልፍ ሲለይ እንዲሁ ነበር የሚያየው። “ታዲያ የሚስማማው ይኼ ነው ማለት ነው። አይደለም?”

  ተማም በሞረድ ያስተካከላት ጉጥ እንኳ ዛሬ አትረዳውም። እጁ ላይ ምንም አልቀረም፤ ውሸቱም አልቋል።

“አይደለም ወይ ጋሼ ተማም?”

“ነው” አለ።

“አንተ ደግሞ ብልህ ነህ።” ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም። የነከሰችውንና ካዝናው ውስጥ የቀሩትን የጣሊያን ጥይቶች አራግፎ አራቱን አንድ በአንድ አስገባና ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጠው። “ይሁን። ለቅዳሜ አራት ይበቃኛል።”

“አለሙ፣ አራቱ እነማን ናቸው?”

ቃሉ ካፉ የወጣው ሳያስበው ነው። የድሮ ስሙን በመጥራቱ ክው አለ፤ ሊመልሰው ግን አልቻለም።

“ስለ ጥይት ነው ያወራሁት” አለ አለምብርሃን። ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ።

“በአላህ ይሁንብህ፣ ኻድራ ልጅ ናት። ወረቀቱን ማን እንደሰጣት እንኳ አታውቅም። እናትህ ከሷ እናት ጋር—”

“የኮሚቴ ውሳኔ ነው። እኔ ብቻዬን የምወስነው ነገር የለም። በቃ፣ ኸላስ! ግባ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ እንመለስ።”

ተማም ገባ። ሌላ ምን ያደርጋል? ጉሮሮውን ቢያንቀው፣ መጋዘኑን የሚጠብቁት ሁሉ ጠመንጃ አላቸው። ቢሮጥ የት ይደርሳል? ቢያለቅስ ያለቀሰ ሁሉ አልተሰማለትም። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ጉልበቱ ላይ የተቀመጡትን ጥቁር ጣቶቹን እያየ ሄደ። የባቡሩ ሐዲድ ጋ ሲደርሱ ቀና አለ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅዳሜ እኔም ልምጣ።”

“ለምን?”

“አዲስ ሽጉጥ አያስተማምንም። አራት ጥይት ብቻ ነው ያለዎት። ከመሃል ቢነክስ አጠገብዎ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል።”

አለምብርሃን መኪናውን አቆመ። መንገዱን አየ።

“ልጅህ እዚያ መሆኗን ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ።”

“ለቅሶና ጩኸት አልወድም።”

“የኔ ሥራ ሽጉጡን ማየት ነው።”

“እንግዲህ አንተው ነህ የጠየቅኸው” አለ አለምብርሃን ማርሹን እያስገባ። “አሥራ አንድ ሰዓት፣ መጋዘኑ በር ላይ። ዘግይተህ እንዳትመጣ።”

መሪያም የግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባዶውን ሳህን ይዛ ነበር።

“አባ ኻድራ፣ ምን አለህ? ትወጣለች አለህ?”

“ቅዳሜ አያታለሁ።”

“ታያታለህ? አስገባሃለሁ አለህ?”

“እነሱ ሲወጡ እዚያ እሆናለሁ።”

መሪያም ሲወጡ ማለቱን ሰማች። ወዴት ሲወጡ ብላ አልጠየቀችም። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ተማም ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ባሩድ ባሩድ እንደሚሸት ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው።

“ሲወስዷት ራሷ ተገልጦ ነበር ብለሽኛል” አለ። “የራስ ሻሽ ስጪኝ። እወስድላታለሁ።”

ገብታ ሳጥን ስትከፍት ሰማት። ብዙ ቆየች። ስትመጣ ሁለት ሻሽ ይዛለች፤ አንዱ ኻድራ ላለፈው ዒድ የገዛችው ባለ ቀይ አበባ፣ ሌላው የሶላት ነጭ። ነጩን አስቀደመች።

“ይኼ ይረዝማል” አለች ዓይኑን ሳታይ። “ሙሉ ይሸፍናታል።”

ተማም ነጩን ሲቀበላት ከፈን መሰለው። ከዚያ አጣጥፎ መለሰላትና ባለ አበባውን ከእጇ ወሰደ።